ሲያስቅ የኖረ ሐኪም፤ ዝክረ ጆናታን ሚለር

ጆናታን ሚለር የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ2019 ዓ.ም. በኖቬምበር 27 ቀን በለንደን ከተማ በገዛ ቤቱ በ85 ዓመት ዕድሜው ዐረፈ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ቤተ ሰቦቹም አልዛይመር ከሚባለው የመርሳት በሽታ ጋራ ብዙ ጊዜ ሲታገል ቆይቶ በሰላም እንደ ተለየ አስታወቁ። ጋዜጦች ስለ እርሱ በጻፉ ጊዜ ምን ብለው እንደሚጠሩት የተቸገሩ ይመስሉ ነበር። አንዱ የትያትር አዘጋጅ፥ አንዱ የኦፔራ ሊቅ፥ አንዱ ቀልደኛ፥ ሌላው የቴሌቪዥን መምህር አለው፤ ሐኪምነቱን ግን እንደ ወጣትነት ታሪክ ቈጥረው በአጭሩ አለፉት። እርሱ ራሱ ግን ከስሞቹ ሁሉ አብልጦ የሚወደው፥ አብልጦም የሚጨነቅበት ይህ ስም ነበረ። የሕይወቱን ታሪክ ለሚመረምር ሰው የሚመጣበት ጥያቄም ይኸው ነው፤ ሕክምናን ትቶ ሰውን ለማሳቅ የወጣው ይህ ሐኪም ሕክምናን በእውነት ትቷት ነበርን?

የተወለደው በ1934 ዓ.ም. በጁላይ 21 ቀን በለንደን ነው። የአባቱ ወላጆች ከሊቱዌኒያ ተሰደው ወደ እንግሊዝ አገር የመጡ አይሁድ ነበሩ። አባቱ ኢማኑኤል ሚለር የአእምሮ ሐኪም ሲሆን፥ የሕፃናትን የመንፈስ ጭንቀት መመርመር በአገሩ ገና እንግዳ ነገር በነበረበት ዘመን፥ በ1927 ዓ.ም. በምሥራቅ ለንደን ለልጆች የሚሆን የምክርና የሕክምና ቤት ያቋቋመ ሰው ነው። እናቱ ቤቲ ሚለር በአየርላንድ በኮርክ ከተማ የተወለደች ደራሲ ነበረች፤ ልብ ወለድ ታሪኮችን ጽፋለች፥ በ1952 ዓ.ም. ያሳተመችው የባለቅኔው የሮበርት ብራውኒንግ የሕይወት ታሪክም ስሟን ከፍ አድርጎላታል። እንግዲህ ልጁ ያደገው የሰውን አእምሮ በሚመረምር አባትና የሰውን ጠባይ እያስተዋለች በምትጽፍ እናት መካከል ነው።

ይህ የሊቃውንት ልጅ ግን በሕፃንነቱ ተንተባታቢ ነበር። በገዛ ድምፁ ሲናገር የሚታሰረው አንደበቱ የሌላ ሰው አነጋገር ሲያስመስል ይፈታለት ስለ ነበር፥ የሰውን ድምፅና አካሄድ መቅዳት ለመደ። ከሰውም አልፎ እንደ ዶሮ ይንቋቋ፥ እንደ ባቡርም ያፏጭ ነበር። ሰውን ለመቅዳት አስቀድሞ አጥብቆ ማየት ያስፈልጋልና፥ ኋላ በበሽተኛ አልጋ አጠገብም ሆነ በትያትር መድረክ የጠቀመው የማስተዋል ልማድ የጀመረው ከዚህ ጕድለቱ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ቅዱስ ጳውሎስ በተባለው የለንደን ትምህርት ቤት ሳለ ኋላ በአንጎል ሕክምናና በድርሰት ስሙ በዓለም የታወቀው ኦሊቨር ሳክስ ባልንጀራው ሆነ። ሁለቱም ከኤሪክ ኮርን ጋራ ሦስት ሆነው የሕያዋንን ተፈጥሮ የሚመረምረውን ትምህርት ከጨዋታ ሁሉ አብልጠው ይወዱት ነበር። ሳክስ ኋላ ስለ ልጅነቱ በጻፈው መጽሐፍ እንደሚተርከው፥ አንድ ጊዜ ከባሕር የወጡ እጃቸው የበዛ ለስላሳ ፍጥረቶችን ለምርመራ ብለው በብልቃጥ ውስጥ ቢያስቀምጧቸው፥ የጨመሩት መጠበቂያ አልበቃ ብሎ ኖሮ ሁሉም በስብሰው ብልቃጦቹ ፈነዱ፤ ሽታውም ቤቱን ሞላው። ሽታውን ለማጥፋት ሽቱ ቢረጩበት የባሰ ሆነ። እነዚህ ልጆች ያደጉት እንዲህ ባለው ሣቅና እንዲህ ባለው ምርምር መካከል ነው፤ ሁለቱን ለይቶ ማየት ለሚለር እስከ መጨረሻው አልሆነለትም።

ከዚያ በኋላ ወደ ካምብሪጅ ገብቶ በቅዱስ ዮሐንስ ኮሌጅ ተማረ፤ ሕክምናውንም በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆስፒታል ፈጽሞ በ1959 ዓ.ም. ሐኪም ተባለ። ሐሳቡ የአንጎልን ሥራ የሚመረምር ሐኪም ለመሆን ነበር። ነገር ግን በተማሪነቱ በመድረክ ላይ ያሳየው ቀልድ ተወርቶለት ነበርና፥ ገና በሆስፒታል ተለማማጅ ሐኪም ሳለ በኤዲንብራ ከተማ በሚደረገው የኪነ ጥበብ በዓል ላይ ከሦስት ወጣቶች ጋራ እንዲጫወት ተጠየቀ። ሦስቱም ፒተር ኩክ፥ ደድሊ ሙርና አላን ቤኔት ነበሩ። በኦገስት 1960 ዓ.ም. ያሳዩት ጨዋታ “ቢዮንድ ዘ ፍሪንጅ” ይባላል። ለጥቂት ቀን ተብሎ የተጀመረው ጨዋታ በሚከተለው ዓመት ለንደን ገባ፤ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ ባሕር ተሻግሮ ኒው ዮርክ ደረሰ።

ይህ ጨዋታ በእንግሊዝ አገር የቀልድን ጠባይ የለወጠ ነው። ከዚያ በፊት በመድረክ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩን አስመስሎ መናገር፥ ስላለፈው ጦርነት ጀግንነትም መቀለድ እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። ካህናትም ከቀልዱ አላመለጡም። አላን ቤኔት እንደ እንግሊዝ ቄስ ለብሶ፥ ከኦሪት ዘፍጥረት ስለ ዔሳው ጠጕራምነት የተነገረውን ቃል መነሻ በማድረግ፥ ከምሳሌ ወደ ምሳሌ እየዘለለ ብዙ ተናግሮ ምንም ሳይል የሚጨርስ ስብከት ይሰብክ ነበር። ቤኔት በወጣትነቱ ቄስ ለመሆን ያስብ የነበረ ሰው ነውና ስብከቱን የቀዳው ከውስጥ ነው። እንዲህ ያለውን ስብከት የሰማ የእኛ አገር ካህንም ቢሆን አንድ ሁለት የሚያውቃቸውን ሰባክያን ሳያስታውስ አይቀርም።

ሚለር ብቻውን ከሚጫወታቸው አንዱ በባቡር ውስጥ ተረስተው ስለ ተገኙ ሱሪዎች ነበር። ጃንጥላና ባርኔጣ ተረስቶ ቢገኝ አያስገርምም፤ ነገር ግን ያን ያህል ሰው ሱሪውን በባቡር ረስቶ እንዴት ወደ ቤቱ ገባ? ረጅሙ ቀጭኑ ወጣት እጁንና እግሩን እያወናጨፈ፥ ይህን ነገር እንደ ታላቅ የፍልስፍና ጥያቄ ደረጃ በደረጃ ይመረምረዋል። የሰሚው ሣቅ የሚነሣው ከሱሪው ይልቅ ከምርመራው ነበረ፤ የበሽታን መነሻ እንደሚፈልግ ሐኪም ሆኖ ይናገር ነበርና።

ከኒው ዮርክ በተመለሰ ጊዜ የሆስፒታሉ መንገድ በስተ ኋላው ቀርቶ ነበር። ትያትር ቤቶችና ቴሌቪዥን ጠሩት፤ እርሱም ለዛሬ ብቻ እያለ ሄደ። ሕክምናን መተዉ የሕይወቱ ታላቅ ጸጸት እንደ ሆነ እስከ ሽምግልናው ድረስ ለጠየቀው ሁሉ ሲናገር ኖሯል። ብዙ ሰዎች ይህን የባለጸጋ ሰው ኀዘን አድርገው ይሥቁበት ነበር። ነገር ግን ሚስቱ ራሷ ሐኪም ነበረችና፥ እርሱ ወደ ልምምድ መድረኩ ሲሄድ እርሷ ወደ በሽተኞቿ ስትሄድ ዘመን ሁሉ ያያት ነበር። በ1956 ዓ.ም. ተጋብተው እስከ ሞቱ ቀን አብረው የኖሩ ናቸውና፥ ጸጸቱ የወሬ ጸጸት ነበር ለማለት ያስቸግራል።

በዚያው የልጇ ስም በሚነሣበት ዘመን ቤቲ ሚለር ገና በሃምሳዎቹ ዕድሜ ሳለች ትረሳ ጀመር። የሰው ጠባይ በጥቂት ቃል የምትሥል የነበረች ሴት ቃሉ ከእርሷ ሸሸ። በ1965 ዓ.ም. በ55 ዓመቷ ሞተች። ባሏ የአእምሮ ሐኪም፥ ልጇም ሐኪም ነበሩ፤ ሁለቱም ግን ከማየት በቀር ሊያደርጉላት የሚችሉት ነገር አልነበረም።

የበሽታው ታሪክ ከዚህ ጋራ ሊነገር ይገባዋል። በ1901 ዓ.ም. በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ አሎይስ አልዛይመር የተባለ ሐኪም አንዲት የ51 ዓመት ሴት ወደ እርሱ ሆስፒታል ገብታ መረመራት። ስሟን ሲጠይቃት ትመልስለታለች፤ የባሏን ስም ሲጠይቃትም ያንኑ የራሷን ስም ትመልስለት ነበር። ራሷን እንዳጣች ለሐኪሙ መናገሯ በመዝገቡ ተጽፎ ይገኛል። በ1906 ዓ.ም. በሞተች ጊዜ አልዛይመር አንጎሏን በአጕሊ መነጽር መርምሮ፥ በሕዋሳቱ መካከል የተጠራቀመ ባዕድ ነገር፥ በሕዋሳቱም ውስጥ እንደ ክር የተተበተበ ነገር አገኘ። ይህችም ሴት የሞተችው እንደ ቤቲ ሚለር በ55 ዓመቷ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ሐኪሞች ይህን በሽታ ሳይሸመግሉ በሚረሱ ጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ የሚደርስ አድርገው ያዩት ነበር፤ ሽማግሌ ቢረሳ ግን መጃጀት ነው ተብሎ ይታለፋል። የሽማግሌዎቹ መርሳት አብዛኛው ያው በሽታ መሆኑ በሰፊው የታወቀው በ1970ዎቹ ዓመታት ነው። ስለዚህ ቤቲ ሚለር በታመመች ጊዜ እንዲህ ያለ በሽተኛ የያዙ ቤተ ሰቦች አብዛኞቹ የበሽታውን ስም እንኳ ሳይሰሙ በራቸውን ዘግተው ያዝኑ ነበር። በእንግሊዝ አገር ለነዚህ ቤተ ሰቦች የሚሆን ማኅበር የተቋቋመው በ1979 ዓ.ም. ነው። ጆናታን ሚለርም ኋላ የዚህ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ፥ በቀልድ ያገኘውን ዝና ለማይሣቅበት ነገር አዋለው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በትያትር ያደረገው ነገር መታየት አለበት፤ ሐኪምነቱ ተሰውሮ የኖረው እዚያ ነውና። “ላ ትራቪያታ” በሚባለው ኦፔራ ቫዮሌታ የምትባለው ሴት በሳንባ ነቀርሳ ትሞታለች። ልማዱ ዘፋኟ በመጨረሻው ሰዓት ከአልጋዋ ተነሥታ በመድረኩ ላይ ወዲያና ወዲህ እያለች እንድትዘምር ነበር። ሚለር ግን በዚህ በሽታ ልትሞት የደረሰች ሴት እንደዚህ ልትንቀሳቀስ አትችልም ብሎ በአልጋዋ ላይ አስተኛት። ተዋንያኑንም ሰው ሲደክመው እንዴት እንደሚቀመጥ፥ ሲያፍር እጁን የት እንደሚያደርግ፥ ሲዋሽ ልብሱን እንዴት እንደሚነካካ እያሳየ ያሠለጥናቸው ነበር። በመጀመሪያ ሊያደርጉ የሚገባቸውን የሚነግራቸው በቀልድ ነው፤ እየተንቋቋና እየተወላገደ ራሱ ይሠራላቸዋል፥ እነርሱም ሥቀው ሳይጨርሱ ነገሩ ገብቷቸው ይገኛል። ሙዚቃን ከወረቀት ማንበብ እንደማይችል ሳያፍር ይናገር የነበረው ይህ ሰው በየአገሩ ኦፔራ ያዘጋጀው በዚህ ዘዴ ነው። በ1982 ዓ.ም. የቬርዲን “ሪጎሌቶ” ከጣሊያን መሳፍንት አደባባይ አንሥቶ በኒው ዮርክ ወንበዴዎች ሰፈር አደረገው፤ በዚያም ዘፋኙ ታዋቂውን ዘፈን የሚጀምረው ሳንቲም ሲከቱበት በሚዘፍን የሙዚቃ ሣጥን አጠገብ ቆሞ ነው። በ1986 ዓ.ም. ደግሞ የጃፓን ታሪክ የሚመስለውን “ሚካዶ” የተባለውን አስቂኝ ኦፔራ፥ ቀልዱ በእውነት ስለ እንግሊዞች ስለ ሆነ ብሎ፥ ጃፓንን ጨርሶ ትቶ በነጭ ቀለም በተቀባ የእንግሊዝ ሆቴል ውስጥ አስቀመጠው።

በ1978 ዓ.ም. ስለ ሰው አካል በ13 ክፍል ያቀረበው የቴሌቪዥን ትምህርት ሁለቱን ሥራዎቹን በግልጥ ያገናኘ ነው። በዚህ ትምህርት ካስረዳቸው ነገሮች አንዱ ስለ ልብ ነው። ልብ ደምን የሚገፋ መሣሪያ መሆኑን ዊልያም ሃርቬይ በ1628 ዓ.ም. እስኪጽፍ ድረስ የጥንት ሊቃውንት ይህን ያላዩት ለምንድር ነው? ልብን ያላየ፥ ያልቈረጠም ከነርሱ መካከል ጥቂት ነው። ሚለር የሰጠው መልስ፥ ውኃ የሚገፋው መሣሪያ በየማዕድን ጕድጓዱና በየከተማው እስኪለመድ ድረስ ሰው ልብን ከምን ጋራ እንደሚያመሳስለው አያውቅም ነበር የሚል ነው። ይህን ትምህርት በየቤታቸው ተቀምጠው የተከታተሉት ሰዎች፥ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ዕድሜ ልኩን ቢሠራ ሊያስተምራቸው ከሚችለው ይልቅ እጅግ የበዙ ናቸው።

እርሱ ግን በዚህ አልረካም። በ1980ዎቹ ዓመታት በክብሩ ከፍታ ሳለ ትያትሩን ለጊዜው ትቶ ወደ ትምህርት ተመለሰ፤ በካናዳ በማክማስተር ዩኒቨርሲቲ፥ ቀጥሎም በእንግሊዝ በሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ አንጎልና አእምሮ የሚገናኙበትን ምርምር ያዘ። ጊዜው አልፎ ስለ ነበር ሊሆን የፈለገውን ሐኪም አልሆነም። ነገር ግን ከዚያ ዘመን በ1986 ዓ.ም. የሠራው አንድ ፊልም ቀርቷል። ፊልሙ ክላይቭ ዌሪንግ ስለ ተባለ የሙዚቃ ሊቅ ነው። ይህ ሰው በ1985 ዓ.ም. አንጎልን በሚያቃጥል በሽታ ተይዞ ከዳነ በኋላ ማስታወሻው ከግማሽ ደቂቃ የማያልፍ ሆነ። ያለፈውን ስለማይዝ ሁልጊዜ ገና አሁን የነቃ ይመስለው ነበር፤ በማስታወሻ ደብተሩም አሁን ነቃሁ ብሎ ይጽፋል፥ ጥቂት ቆይቶ የጻፈውን ይሰርዝና እንደ ገና አሁን ነቃሁ ብሎ ይጽፋል። ሚስቱ ከክፍሉ ወጥታ ስትመለስ ለብዙ ዓመት እንዳላያት ሆኖ ዘሎ ያቅፋታል። ሆኖም በኦርጋን ፊት ቢቀመጥ እጆቹ ዜማውን አልረሱም፤ ሚስቱንም መውደዱን አልረሳም። ሚለር ይህን ሰው ለቴሌቪዥን ያቀረበው በአክብሮት እንጂ ለመደነቂያ አልነበረም። የእናቱን መጨረሻ ያየ ሰው እንደ ሆነ ለሚያውቅ ተመልካች ፊልሙ ሌላ ነገርም ይነግረዋል።

አንድ ነገር በተለይ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ሳይነገር ሊቀር አይገባም። ሚለር በእግዚአብሔር መኖር የማያምን ሰው ነበር፤ በ2004 ዓ.ም. የአለማመንን ታሪክ በቴሌቪዥን እስከ ማስተማር ደርሷል። እንዲሁ ሳለ በ1993 ዓ.ም. የባኽን “የማቴዎስ ወንጌል ሕማማት” በለንደን በቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አዘጋጅቷል። ዘማሪዎቹና ባለመሣሪያዎቹ የዘወትር ልብሳቸውን ለብሰው በክብ ተቀምጠው፥ አንዱ ለሌላው ፊት ለፊት እያየ ሕማሙን ይተርክለታል። ጴጥሮስ በካደ ጊዜ ያለቀሰው ልቅሶ፥ ይሁዳ ብሩን የመለሰበት ጭንቀት ልክ ትናንት በጎረቤት ቤት እንደ ሆነ ነገር ይታይ ነበር። ካህናት ሳይቀሩ የተነኩበት ይህ ሥራ ወደ ኒው ዮርክም ተሻግሮ ደጋግሞ ታይቷል። የማያምነው ሰው ያመነውን ሰው መከራ እንዴት እንዲህ አየው ተብሎ ቢጠየቅ፥ መልሱ ከአልጋው አጠገብ የሚገኝ ይመስላል። የሚሠቃየውን ሰው ዐይኑን ሳያነሣ ማየት የሐኪም ግዴታ ነው።

ጻድቅ ሰው አልነበረም፤ የተቹትን ሰዎች ዓመታት ካለፉ በኋላ እንኳ ቃላቸውን በቃሉ ይዞ ሲሰድባቸው ይሰማ ነበር። የቀልድ ጋዜጦችም ዶክተሩ ሁሉን ዐዋቂ እያሉ ይዘብቱበት ነበር። በ2002 ዓ.ም. ሰር የሚለውን ማዕርግ ሲቀበል የተሰጠው ለሙዚቃና ለኪነ ጥበብ ስላደረገው አገልግሎት ተብሎ ነው። የለንደንና የኤዲንብራ የሐኪሞች ኮሌጆች ግን ከባልደረቦቻቸው ቈጥረውታል፤ በዚህም ስሙ ከአባቱ ሙያ ሳይለይ ቀርቷል።

ከትያትር ሁሉ ደጋግሞ የተመለሰበት የሼክስፒር “ንጉሥ ሊር” ነው። በ1969 ዓ.ም. በኖቲንግሃም አዘጋጀው፤ በ1982 ዓ.ም. ለቴሌቪዥን፥ በ2002 ዓ.ም. በካናዳ ደግሞ ክሪስቶፈር ፕላመርን ሊር አድርጎ፥ በመጨረሻም በ2015 ዓ.ም. በ80 ዓመቱ በእንግሊዝ ሰሜን በሃሊፋክስ ከተማ አዘጋጀው። የሊር ታሪክ አእምሮው ሊለየው መሆኑን አስቀድሞ እያወቀ የሚፈራ ሽማግሌ ታሪክ ነው፤ መንግሥቱን ካካፈለ በኋላ ልጆቹን፥ ቀጥሎም ራሱን እስከማያውቅ ይደርሳል፤ ከእብደቱ ነቅቶም ታናሽ ልጁ አጠገቡ ቆማ ሳለ ማን እንደ ሆነች ቀስ ብሎ ይለያታል። ሚለር ይህን ክፍል ለተዋንያኑ በየዘመኑ ሲያሳይ በመጀመሪያ ወጣት ሐኪም፥ በመጨረሻ ሽማግሌ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልሠራም። ሕመሙ በሚስቱና በሦስቱ ልጆቹ መካከል፥ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በኖረበት በካምደን ታውን ሰፈር ባለው ቤቱ ያዘው። ቤቱ አላን ቤኔት ለብዙ ዓመት ጎረቤት ሆኖ የኖረበት፥ ልጆቹም የአባታቸውን ቀልድ እየሰሙ ያደጉበት ነበር። ያ የሚታወቀው አነጋገር፥ ከዶሮ ወደ ፍልስፍና፥ ከፍልስፍና ወደ ነርቭ ሳያርፍ የሚዘለው፥ ጸጥ አለ። እርሱ በሞተበት በኖቬምበር ወር ከ33 ዓመት በፊት ያዘጋጀው “ሚካዶ” በለንደን ኮሊሲየም ትያትር ቤት እንደ ገና ይታይ ነበር፤ በዚያ ነጭ ሆቴል ውስጥም ተዋንያኑ እርሱ ያስተማራቸውን አካሄድ ይሄዱ፥ ሕዝቡም ይሥቅ ነበር።